የታችኛው መደርደሪያ

ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ
ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል

የኔ የምሥራች፣

ይህን ወረቀት ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሆቴሉ ማዕድ ቤት ውስጥ ከሆንሽ እሳቱን አጥፊና ተቀመጪ። አስቀድሞ መባል ያለበትን አስቀድሜ ልጻፍ፦ ሶፊ በሕይወት አለች። ከእኔ ሁለት ክንድ ርቃ፣ በሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠመጥማለች። ልጅሽ በሕይወት አለች ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ሌላ መጀመሪያ ፈልጌ አጣሁ።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ላምባ ጠጣች። እኔ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያስቀመጥኩትን የምድጃ ላምባ። ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ሰኞ ዕለት የደረቷን ራጅ አይተው ሳንባዋ ደህና ነው ብለው አስወጡን።

አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ቤት ከገባን ጀምሮ አትጠጣም። ውሃ፣ ወተት፣ ሻይ፣ ምንም። እስከ ትናንት ሐብሐብ ትመጥ ነበር፤ ትናንት ከምሳ በኋላ እሱንም ተወች። ሐኪሟ ጋ ስደውል «እስከ ነገ ስምንት ሰዓት ካልጠጣች ይዘዋት ይምጡ፣ በዚህ ሙቀት አንጠብቅም» አለችኝ። ያ ነገ ዛሬ ነው። የድሬን ሰኔ አልረሳሽውም። ገና በጧቱ ቆርቆሮው መንጣጣት ጀምሯል።

ለምን አልደወልክልኝም ትያለሽ። እሑድ አንቺ ደውለሽ ነበር። «ሶፊስ?» ስትይኝ «ጎረቤት፣ ሻሚስ ቤት ተኝታለች» አልኩሽ። መተኛቷ እውነት ነው። የተኛችው ግን ሆስፒታል ነበር፣ እኔም ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር የማናግርሽ። ከኋላዬ ጋሪ ሲንኳኳ ሰምተሽ «ምንድነው?» አልሽ። «ባጃጅ ነው» አልኩሽ። ስልክ ላይ መዋሸት እንዲህ ቀላል እንደሆነ አላውቅም ነበር። ወረቀት ላይ ግን እጄ እምቢ ይለኛል። የሻሚስ ወንድም ዒሴ ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ጭነቱን ይዞ ወደ ጅቡቲ ይነሳል፤ ደብዳቤውን በእጅሽ ሊሰጥሽ ቃል ገብቶልኛል። እስከዚያ እጽፋለሁ።

ባለፈው ወር «ቤቱን እንዴት እንደያዝከው ጻፍልኝ፤ ባሌ ብቻውን ልጅ እያሳደገ ይሠራል ስላቸው እዚህ ያሉት ሴቶች አያምኑኝም» ብለሽኝ ነበር። ጀምሬልሽ ነበር። ገጹ እዚህ አለ። ዛሬ ሳነበው የሌላ ሰው ጽሕፈት መሰለኝ፤ በራሱ የሚተማመን፣ ትንሽ የሚያስጠላ ሰው። ቢሆንም የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ስለ ሽንኩርት መጻፍ ይቀለኛል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሁሉንም ባንድ ድስት ነው የማቁላላው፤ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃውን እስኪጨርስ፣ ከዚያ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት። ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን በእርድ። ሲቀዘቅዝ በስድስት ላስቲክ ከፋፍዬ፣ በመዳፌ ጠፍጥፌ ማቀዝቀዣው ላይኛው ክፍል ውስጥ አስተኛዋለሁ። ጠፍጣፋ ሲሆን ቶሎ ይቀልጣል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ማታ ከሥራ ስገባ አንዱን ላስቲክ ማሞቅ ብቻ ነው። ሰኞ ምስር፤ ጧት ዘፍዝፌው ስለምወጣ በሩብ ሰዓት ይበስላል። ማክሰኞ እንቁላል። ረቡዕ ፓስታ። ሐሙስ ሩዝ ከድንችና ከካሮት ጋር ባንድ ድስት፤ የሚታጠበውም አንድ ድስት ነው። ከበሩ ጀርባ ሦስት ሚስማር መትቻለሁ፣ በሶፊ ቁመት፦ ቦርሳ፣ ኮፍያ፣ ፎጣ። ስትወጣ በቅደም ተከተል ታወርዳቸዋለች። ጧት ጧት «የት አስቀመጥሽው» የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፍቷል።

ከዚያ ውሃው።

ቧንቧው በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። በጄሪካን እንቀዳለን፣ ኖራው እስኪዘቅጥ ይቀመጣል፣ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ዐሥራ አንድ ጠርሙስ፣ ሁሉም እኩል፣ የፋብሪካው ልጥፍ የተላጠ፣ ባንድ መስመር፣ በታችኛው መደርደሪያ ላይ። «የታችኛው ያንቺ ነው፣ ሲጠማሽ ማንንም አትጠይቂ» አልኳት። የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ራሷ ከፍታ ጠጥታ ክዳኑን መልሳ ስትገጥም ቪዲዮ ቀርጬ ልኬልሽ ነበር። ሳቅሽ። ለሴቶቹም እንዳሳየሻቸው ነግረሽኛል። ያ ቪዲዮ ስልኬ ላይ አለ። አልከፍተውም።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የምድር ባቡር ግምጃ ቤት እንዴት ይይዝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት መያዣ ውስጥ፣ ባንድ መስመር፣ ጽሕፈቱ ወደ ፊት። እኔም የፋብሪካውን መለዋወጫ የምይዘው እንደዚያ ነው። ዐይኔን ጨፍኜ የፈለግሽውን ቡሎን አነሳልሻለሁ። ግን ግምጃ ቤት የሚገባው ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው። ይቺን ትንሽ ነገር፣ የምሥራች፣ አባቴም እኔም በዕድሜያችን አንድ ቀን እንኳ አስበናት አናውቅም።

ሦስት ሰዓት

ሻሚስ መጥታ ነበር። ከሐብሐብ ጭማቂ ጋር። ሶፊ ብርጭቆውን አሸተተች፣ ሻሚስን አየች፣ ከንፈሯን ገጠመች። ከሻሚስ እጅም እምቢ አለች።

«ወርያ ሣህሉ፣ ልጅህ ጉምሩክ ሆናለች» አለች ሻሚስ። «ሳትፈትሽ ምንም አታሳልፍም።»

ልስቅ ሞከርኩ። ሻሚስ ከመውጣቷ በፊት የሶፊን እጅ ያዘችና የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ሁለታችንም አየነው።

ያን ማክሰኞ ልንገርሽ፤ እሑድ በስልክ እንደዘለልኩት አሁን አልዘለውም።

መብራት ከጧት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። የሳምንቱ ቁሌት እየቀለጠ እንደሆነ እያሰብኩ ሥራ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ስለ ሽንኩርት ነበር የምጨነቀው፤ ይህን ልብ በይልኝ። በምሳ ሰዓት ወጣሁ፣ ላምባ ገዛሁ፣ የቀለጠውን ሁሉ በዚያው ቀን ላበስለው ብዬ። ምድጃውን ሞላሁ፣ የተረፈውን ባዶ የነበረ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩ። ወረቀት ቆርጬ በትልቁ «ላምባ» ብዬ ጻፍኩና ለጠፍኩበት። ቦታ ፈለግሁ። መስመሩ ላይ የዚያ ጠርሙስ ቦታ ክፍት ነበር። አስቀመጥኩት። ጽሕፈቱን ወደ ፊት። ትንሽ ወጣ ብሎ ስለነበር በጣቴ ገፋ አድርጌ ከሌሎቹ ጋር አስተካከልኩት።

ያቺ ጣት። አሁን ይህን ብዕር የያዘችው ናት።

ሻሚስ ሶፊን ከመዋዕለ ሕፃናት አምጥታ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ድስት አማስላለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው። ስዞር ጠርሙሱ ወለሉ ላይ ይፈሳል፣ ሶፊ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሻሚስ በሩ ላይ ደረሰች።

«ምን ጠጣች? ላምባ ነው? ተሸከማት፣ ባጃጅ እጠራለሁ።»

እኔ ግን አገጯን ይዤ ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ እያስገባሁ ነበር።

«ተው፣ አቦ፣ ተው» አለች ሻሚስ። «አታድርግ። የእህቴን ልጅ እንደዚህ አድርገውት ነው የባሰበት።»

ሰምቻታለሁ። አልሰማኋትም ብል ይቀለኝ ነበር፣ ግን ሰምቻታለሁ። እናቴ እኛ መጥፎ ነገር ስንውጥ እንደዚያ ነበር የምታደርገን። አስመለሳት። ወተት አጠጣኋት። እንደገና አስመለሳት፣ ሳሉ ተቀየረ፣ ከንፈሯ መልኩን ለወጠ። ባጃጁ ውስጥ ሻሚስ ናት ያቀፈቻት። እኔ የጫማዋን አንድ እግር ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ኦክስጅን አስደረገችላት፣ ደረቷን አዳመጠች፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። «ማነው እንድታስመልስ ያደረጋት? ላምባ የጠጣ ልጅ በግድ አያስመልስም። ወደ ሳንባ የሚገባው ሲመለስ ነው። ወተትስ ማን ሰጣት?»

«ጎረቤቷ ናት» አልኩ።

የምሥራች፣ ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ። ሻሚስ አጠገቤ ቆማለች፣ ሻርፗ ላይ የሶፊ ትውኪያ አለ። ሐኪሟ ወደ እሷ ዞራ «ካላወቁ ለምን አይጠይቁም፣ እናቴ?» አለቻት። ሻሚስ ሻርፗን ሰብሰብ አደረገች፣ ወለሉን አየች። ሶፊ አልጋው ላይ ሆና፣ ከጭንብሉ በላይ፣ ዐይኗን እኔ ላይ ተክላ ነበር።

ለምን እንደዋሸሁ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሐኪሟን የፈራሁ አይመስለኝም። ካርዱ ላይ ይጻፋል ብዬ፣ አንድ ቀን አንቺ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ቤቱ በደንብ ተይዟል እያልኩሽ ነበር።

ሻሚስ ስድስቱንም ቀን ሾርባ ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ «ሻሚስ፣ ያን ዕለት ያልኩት…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሐዬ፣ ተወው» አለችኝ። «እኔን እዚህ ማን ያውቀኛል? ዶክተሯ ነገ ትረሳኛለች። ልጅህ ግን ሳንባዋ እንጂ ጆሮዋ አልታመመም።»

ስድስት ሰዓት

ተኝታ ነበር፣ አሁን ነቃች። ከትናንት ጧት ወዲህ ሽንቷን የሸናችው አንድ ጊዜ ነው። ከንፈሯ ጥግ ነጭ ሆኗል። በማንኪያ ሞከርኩ፣ በረዶ ሞከርኩ፣ የአሻንጉሊቷን ኩባያ ሞከርኩ። አታለቅስም። ቢያንስ ብታለቅስ እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እንባዋ ውሃ ነው ብዬ እፈራለሁ።

ለሴቶቹ የምትነግሪያቸው ካለ ይህን ንገሪልኝ፤ ሽንኩርቱን ይርሱት። የማይጠጣ ነገር ሰው በሚጠጣበት ዕቃ አይቀመጥ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ጽሕፈት ቢለጠፍበትም። ላምባው አሁን በራሱ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ግቢው ውስጥ፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ነው። በረኪናውም። የውሃው ጠርሙስ ምንም የማይገባበት የራሱ መደርደሪያ አለው። ልጅ ከጠጣ ደግሞ ጣት አያስገቡ፣ ወተት አይስጡ፣ አቅፈው ይሩጡ። ይህን ሁሉ አሁን አውቃለሁ። በሚገባ ተደራጅቻለሁ። ልጄ ግን ውሃ አልጠጣችም።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ቦርሳዋን ከሚስማሩ አውርጄ ልብሷን ከተትኩ። ባጃጁ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። መርፌውን ስታይ እንዴት እንደምትሆን አንቺ አላየሽም፤ ባታይ ይሻላል።

ስምንት ሰዓት ተኩል

ሆስፒታል አልሄድንም። ባጃጁን መለስኩት። እንዴት እንደሆነ ሳይጠፋኝ ልጻፍልሽ።

ቦርሳውን በር ላይ አስቀምጬ መደርደሪያው ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አላሰብኩም፣ እግሬ ስለደከመኝ ነው። ሶፊ ከምንጣፉ ላይ ታየኛለች። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከፈትኩ፣ አሸተትኩ፣ ጠጣሁ። ጠምቶኝ ነበር። እሷ ስትጠማ እኔ ለመጠጣት አፍሬ ከጧት ጀምሮ አፌ ደርቆ ነበር የዋልኩት።

ተነስታ ቀረብ አለች። ሁለተኛውን በጣቷ አሳየችኝ።

«ያንን።»

ጠጣሁ።

«ያንንም።»

ጠጣሁ። አምስተኛው ላይ ሆዴ ተነፋ። ሻሚስ በር ላይ መጥታ ቆማለች፤ «ጨርስ፣ ጨርስ» አለች በቀስታ፣ «ዛሬ ግመል ነህ።» ሶፊ አልሳቀችም። ሰባተኛውን ከፍቼ ስጠጣ ጣቷን አላነሳችም። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለአስተማሪዋ እንደምታወራ ሆና፦

«ሻሚስ አይደለችም። አንተ ነህ ጣትህን ያስገባህብኝ።»

ሻሚስ ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች።

«አዎ» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

«ሻሚስ ናት አልክ።»

«አዎ። ዋሸሁ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ ነው።»

ትንሽ አሰበች። ስታስብ እንዳንቺ የላይኛውን ከንፈሯን ወደ ውስጥ ትከተዋለች። «እኔም ፈርቼ ነበር» አለች። «እኔ ግን አልዋሸሁም።»

ከዚያ ሰባተኛውን ጠርሙስ፣ እኔ የጠጣሁበትን፣ ከእጄ ወሰደችው። አሸተተችው። ከንፈሯን አስነካችው። አንድ ጊዜ ዋጠች። ትን ብሏት ሳለች፣ እኔም ያን ማክሰኞ ተመልሶ የመጣ መስሎኝ ወለሉን በሁለት እጄ ያዝኩ። ግን የውሃ ሳል ነበር። ሁለተኛ ዋጠች። ሦስተኛ። አራተኛ። ክዳኑን ራሷ ገጠመችው።

ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። «ጥሩ ነው፤ በየዐሥር ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ይስጧት፣ እስከ ማታ ሽንት ካልሸናች ግን ይምጡ» አለች። ልትዘጋው ስትል «ዶክተር፣ ያን ዕለት ጣት ያስገባሁት፣ ወተቱንም የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጎረቤታችን ተው ብላኝ ነበር» አልኳት። «እሺ፣ ካርዷ ላይ አስተካክለዋለሁ» አለችኝ። ስዞር ሻሚስ አልነበረችም። ልብሷን ልታነሳ ሄዳለች። ማታ ቤቷ ሄጄ በዒሴ ሚስትና በልጆቿ ፊት ልነግራት ይገባኛል። ሆስፒታል ውስጥ ስሟን ያጠፋሁት በሰው ፊት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

ሁለት ጊዜ ጠጥታለች። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ከጠጣሁ በኋላ ነው። ሻሚስ ቀምሳ ስትሰጣት ሶፊ እምቢ አለች፤ ጠርሙሱን ይዛ ወደ እኔ መጣችና ጠበቀች። እኔ ጠጣሁ፣ አፌን አየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ጠጣች። አንድ ነገር እንደሚደርስብኝ ለማየት የምትጠብቅ ይመስለኛል። እንዲህ ለአንድ ሳምንት ይሁን ለአንድ ዓመት አላውቅም። የታዘዝኩትን እጠጣለሁ።

ሰኞ ሥራ መግባት አለብኝ። ዘጠኝ ቀን ፈቃድ ጨርሻለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ማን ቀድሞ ይጠጣላታል? ይህን የመሰለ ነገር ድርደራ አይፈታውም። ቤት ውስጥ ክዳን ያለው ነገር ሁሉ ያስፈራኛል አሁን፤ የጨው፣ የዘይት፣ የሳሙና። ትናንት የስኳሩን ዕቃ ሦስት ጊዜ ቀምሼዋለሁ።

ሥራሽን ተዪ አልልሽም። ስንት ደጅ ጠንተሽ እንዳገኘሽው አውቃለሁ። ይቅርታም በዚህ ወረቀት አልጠይቅሽም፤ ወረቀት ላይ ይቅር በይኝ ብዬ ፊትሽን ሳላይ መልስ መጠበቅ ሌላ ማምለጫ መስሎ ይሰማኛል። የሆነውን ሁሉ ጽፌልሻለሁ። የቀረ ካለ ጠይቂኝ፣ በስልክም ቢሆን፤ ከኋላዬ የሚሰማው ምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

እመቤታችን ከምትቆሚበት እሳት ትጠብቅሽ። እንቅልፍ ትስጥሽ፤ ይህን ካነበብሽ በኋላ በተለይ። ሶፊ እጇን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ዙሪያውን እንድስለው ጠይቃኛለች፤ ከገጹ ጀርባ ላይ ነው። አውራ ጣቷ የተጣመመው ስለተንቀሳቀሰች ነው እንጂ ደህና ናት።

ዒሴ ከበሩ ላይ ጥሩንባውን እየነፋ ነው። ጭነቱን አራግፎ ማክሰኞ ከጅቡቲ ወደ ድሬ ይመለሳል። ረዳቱ ስለታመመ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው ይላል። እሱ ያለውን ነው የጻፍኩልሽ።

ሣህሉ